ከሥራው በፊትና ከሥራው በኋላ፦ የጥብቅና ክፍያ ክርክር በዋግ ኽምራ

የጥብቅና ክፍያ ማለት ጠበቃ ለሚሰጠው ሙያዊ አገልግሎት ከደንበኛው የሚያገኘው ዋጋ ሲሆን፣ በዚህ ዋጋ መጠን፣ በሚከፈልበት ጊዜ ወይም በሚከፈልበት ምክንያት ላይ በሁለቱ መካከል የሚነሣው አለመግባባት በመልኩ የገንዘብ ጥያቄ ቢመስልም፣ በይዘቱ ግን አስቀድሞ ምን ቃል እንደ ተገባና በኋላ ምን እንደ ተሠራ የሚመረምር የማስረጃ ክርክር ነው። ጉዳዩ በመላ አገሪቱ የሚገኝ ቢሆንም በሰቆጣና በዙሪያዋ ባሉት የዋግ ኽምራ ደጋዎችና ቆላዎች የተለየ መልክ የሚይዝበት ምክንያት አለ፤ ምክንያቱም በዚያ አገር የአንድ ሙግት ዋጋ የሚወሰነው በሕጉ ክብደት ብቻ ሳይሆን በመንገዱም ርዝመት ነው። ጉዳዩን በአምደወርቅ፣ በጽጽቃ ወይም በአስከተማ ባለው የወረዳ ፍርድ ቤት የጀመረ ባለጉዳይ በይግባኝ ወደ ሰቆጣ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ይወጣል፤ ከዚያ ወደ ባሕር ዳር ጠቅላይ ፍርድ ቤት ይሻገራል፤ መሠረታዊ የሕግ ስሕተት ተፈጽሟል ብሎ ካመነም በክልሉ ሰበር ችሎት አልፎ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ በአዲስ አበባ እስካለው የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት ሊደርስ ይችላል። በየደረጃው የሚጨመረው ወጪ በመጀመሪያው ቀን በሰቆጣ ሻይ ቤት በቃል የተቆረጠውን ዋጋ እያራዘመ ሲሄድ፣ ያ ዋጋ የትኛውን ደረጃ ይሸፍን እንደ ነበር የሚያስታውሱት ጠበቃውና ደንበኛው ብቻ ይሆናሉ፤ የሚያስታውሱትም ተመሳሳይ ነገር አይደለም።

የአለመግባባቱ አንዱ ሥር በቋንቋው ውስጥ ተቀብሯል። «አበል» የሚለው ቃል በሕግ ሰዎች አነጋገር የጠበቃውን የሙያ ዋጋ የሚያመለክት ሲሆን፣ በመሥሪያ ቤት ልማድ ግን ለመንገደኛ ሠራተኛ የሚሰጠውን ውሎ አበል ያመለክታል፤ ስለዚህ «አበሉን ጨርሼ ከፍያለሁ» የሚል ደንበኛና «የባሕር ዳሩ አበል ቀርቶብኛል» የሚል ጠበቃ ሁለቱም እውነት ሊናገሩ ይችላሉ፤ አንዱ የሙያ ዋጋውን፣ ሌላው የመኪናውንና የአልጋውን ሒሳብ ማለቱ ነውና። ቀደም ባለው ዘመን በሌላው ወገን ስም ቆሞ የሚሟገተው ሰው ነገረ ፈጅ ይባል ነበር፤ ቃሉ ነገርን የሚጨርስ ማለት ይሁን እንጂ «መፍጀት» ማጥፋትንም ስለሚጨምር፣ ነገሩን ነው የፈጀው ወይስ ጥሪቱን የሚለው ቀልድ ሳያልቅ የቆየ ይመስላል። ሙግት ውድ መሆኑም አዲስ አይደለም። በደጋው ኢትዮጵያ በቆየው የበላ ልበልሃ ሥርዓት ተሟጋቾች ቃላቸውን በውርርድ ያጸኑ ነበር፤ የተረታው ወገን ዋናውን ነገር ብቻ ሳይሆን የተወራረደበትን ማር ወይም በቅሎ ጭምር ያጣ ነበር። ከዛጉዌ ነገሥታት ዘር እንደሚወርዱ የሚነገርላቸው ዋግሹሞች በሰቆጣ በሚያስተዳድሩበት ዘመን፣ ከመካከላቸውም ዋግሹም ጎበዜ ከ1860 እስከ 1863 ዓ.ም. ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው በነገሡበት ጊዜ፣ የበላይ ዳኝነት ፈላጊ ስንቁን ቋጥሮ የመሳፍንቱን ደጅ ይጠና ነበር። ዛሬ ደጅ ጥናቱ በቀጠሮ ተተክቷል፤ ስንቁ ግን አልቀረም።

በዘመናዊው ሕግ ዐይን ጠበቃና ደንበኛ የሚተሳሰሩት በውል ነው፤ ይህም ውል በዋናነት የሚገዛው በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ከቁጥር 2199 ጀምሮ ስለ ውክልና በሚደነግገው ክፍል ነው። ውክልና ማለት አንዱ ወገን፣ ማለትም ወካዩ፣ ሌላው ወገን፣ ማለትም ተወካዩ፣ በስሙ ሆኖ ሕጋዊ ሥራ እንዲሠራለት ሥልጣን የሚሰጥበት ስምምነት ሲሆን፣ ደንበኛው ወካይ፣ ጠበቃውም ተወካይ ይሆናሉ። ከዚህ መነሻ ሁለት ነገሮች ይከተላሉ። በአንድ በኩል ጠበቃው በቅን ልቦና የመሥራት፣ የሠራውንም የመግለጽና የተቀበለውን ገንዘብ ሒሳብ የማቅረብ ግዴታ አለበት፤ በሌላ በኩል ደንበኛው በውሉ የተቆረጠውን ዋጋ መክፈል ብቻ ሳይሆን ለሥራው የሚያስፈልገውን ገንዘብ አስቀድሞ መስጠትና ጠበቃው በአግባቡ ያወጣውን ወጪ መተካት ይኖርበታል። ሕጉ የሙያ ዋጋንና ወጪን ለየብቻ ስለሚያያቸው፣ ከላይ የተጠቀሰው የ«አበል» ግራ መጋባት በሕጉ ውስጥ ቦታ የለውም፤ የዳኝነት ክፍያ፣ የሰነድ ማስገልበጫና የመጓጓዣ ገንዘብ ከጠበቃው ዋጋ ጋር የሚቀላቀሉት ተዋዋዮቹ ራሳቸው ሲያቀላቅሏቸው ነው።

በሙያው ላይ የወጡት ሕጎች ደግሞ በዚህ የውል ማዕቀፍ ላይ የተጨመሩ ናቸው። ለረጅም ጊዜ ሲሠራበት የቆየው የፌዴራል ፍርድ ቤት ጠበቆች የሥነ ምግባር ደንብ ቁጥር 57/1992 ጠበቃ የሚጠይቀው ክፍያ ተገቢ እንዲሆን ከማዘዙም በላይ፣ ጠበቃው በዓመት ቢያንስ 50 ሰዓት ያለ ክፍያ ወይም በአነስተኛ ክፍያ እንዲያገለግል ግዴታ ጥሎበት ነበር፤ የፈቃድ አሰጣጡን የሚገዛው አዋጅ ቁጥር 199/1992 በ2013 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1249 ሲተካ የኢትዮጵያ ፌዴራል ጠበቆች ማኅበር ተቋቁሟል። እነዚህ ሕጎች የሚመለከቱት በፌዴራል ፈቃድ የሚሠራውን ጠበቃ ሲሆን፣ በክልል ፍርድ ቤቶች የሚቆመው ጠበቃ ፈቃዱን የሚያገኘው ከክልሉ የፍትሕ አካል ነው። ይህ መለያየት ለሰቆጣ ባለጉዳይ የወረቀት ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ የክልል ፈቃድ ብቻ ያለው ጠበቃ በፌዴራል ሰበር ሰሚ ችሎት ፊት መቆም ስለማይችል፣ «ጉዳዩን እስከ መጨረሻው እይዛለሁ» የሚለው ቃል ከባሕር ዳር በኋላ ሌላ ጠበቃና ሌላ ክፍያ ይጠይቃል።

የክርክሩ እምብርት ያለው ግን በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2219 ላይ ነው፤ ድንጋጌው አጭር ቢሆንም ደንበኞችም ሆኑ ብዙ ጠበቆች በቂ ትኩረት የሰጡት አይመስልም። ድንጋጌው ተወካዩ በውሉ የተወሰነለትን ዋጋ የማግኘት መብት እንዳለው ከገለጸ በኋላ፣ ይህ ዋጋ ከተሰጠው አገልግሎት ጋር ሲመዛዘን ከመጠን ያለፈ ሆኖ ከተገኘ ፍርድ ቤቱ ሊቀንሰው እንደሚችል ይፈቅዳል። ይህ ከጠቅላላው የውል ሕግ አንጻር ያልተለመደ ሥልጣን ነው፤ ምክንያቱም በቁጥር 1731 መሠረት በሕግ አግባብ የተደረገ ውል በተዋዋዮቹ መካከል እንደ ሕግ የሚቆጠር በመሆኑ፣ ዳኛ የተዋዋዮችን ዋጋ ነክቶ ማስተካከል የሚችለው ሕግ ለይቶ ሲፈቅድለት ብቻ ነው። የፈቃዱ ምክንያት ግልጽ ነው፤ በጭንቅ ላይ ያለና የሚገዛውን አገልግሎት ክብደት የማያውቅ ሰው ከባለሙያ ጋር ሲደራደር ሚዛኑ የተዛባ ስለሚሆን፣ ሕጉ ከሥራው በፊት የተቆረጠውን ዋጋ በጥርጣሬ ያየዋል። ሆኖም ይኸው ድንጋጌ ወዲያው በሩን ይዘጋል፤ ሥራው ከተፈጸመ በኋላ የተወሰነን ወይም ከሥራው በኋላ በነጻ ፈቃድ የተከፈለን ዋጋ ፍርድ ቤት ሊቀንሰው አይችልም። ሥራውን ዐይቶ፣ ውጤቱን መዝኖና ከጭንቁ ወጥቶ የከፈለ ሰው የሚያደርገውን ዐውቆ እንዳደረገ ይቆጠራልና። የሕጉ ረቂቅ አዘጋጅ ፈረንሳዊው ሊቅ ሬኔ ዳቪድ ይህን ሐሳብ ያገኙት የአገራቸው ፍርድ ቤቶች በ19ኛው ክፍለ ዘመን በውሳኔ ካሳደጉት ሥርዓት ነው።

ይህ መስመር በፓሪስ የነበረው ትርጉምና በዋግ ያለው ትርጉም ግን አንድ አይደለም። በደጋው ኢትዮጵያ ልማድ ለውለታ የሚሰጠው ትልቁ ዋጋ ከሥራው በኋላ የሚመጣው ምስጋና ነው፤ መሬቱን ያስመለሰ ወይም ከእስር የተፈታ ሰው በዘመድና በጎረቤት ፊት፣ በደስታው ቀን፣ «ይህማ ያንስሃል» እያለ በመጀመሪያ ከተነጋገሩበት በላይ ሊሰጥ ወይም ለመስጠት ሊፈርም ይችላል። በዚያ ቅጽበት ደንበኛው ሳያውቅ ሕጉ ያበጀለትን ጋሻ ያስረክባል፤ ከወራት በኋላ ዕዳው ሲከብደውና ዋጋው ተጋነነ ብሎ ቢከስ፣ ዳኛው የሥራውን ብዛት ከመመርመሩ በፊት የሚጠይቀው ስምምነቱ ወይም ክፍያው የተደረገው ከሥራው በፊት ነው ወይስ በኋላ የሚለውን ይሆናል። በአንጻሩ፣ በመጀመሪያው ቀን ትልቅ ቁጥር የፈረመና ተታለልሁ የሚል ደንበኛ የተሻለ የሕግ መሬት ላይ ይቆማል። እንግዲህ በአካባቢው ዘንድ ክቡር የሆነው አከፋፈል በሕጉ ዘንድ የማይነካው ሲሆን፣ በአካባቢው ዘንድ «የፈረምከውን ክፈል» የሚባለው ደግሞ በሕጉ ዘንድ ሊመረመር የሚችለው ነው። የአካባቢ ሽማግሌም ሆነ የሰነድ ጸሐፊ ይህን መገለባበጥ ቢያውቀው ብዙ ክርክር ከመነሻው መልኩን ይቀይር ነበር።

ዋጋ ጨርሶ ካልተቆረጠ የሚሠራው ተከታዩ ቁጥር 2220 ነው። በዚህ መሠረት ተወካይ በውል ያልተወሰነለትን ዋጋ መጠየቅ አይችልም፤ ሥራውን የሠራው እንደ ሙያ ተግባሩ ከሆነ ግን ዋጋው ይገባዋል፤ ባይስማሙም ፍርድ ቤቱ የታወቀውን ልክና ልማድ ተመልክቶ ይወስንለታል። ስለዚህ «ዋጋ ስላልተነጋገርን ዕዳ የለብኝም» የሚለው የደንበኛ መከራከሪያ ከፈቃድ ባለቤት ጠበቃ ጋር አይሠራም፤ ዘመድ ወይም ጎረቤት በውክልና ተከራክሮለት እንደ ሆነ ግን ይሠራል። ከዚህ ጋር የሚያያዘው ሌላው የተለመደ አባባል «ተረትቼ ምን እከፍላለሁ» የሚለው ነው። ሕጉ ለዚህም መልስ አለው፤ ጥፋቱ የተወካዩ እስካልሆነ ድረስ ሥራው ስላልተሳካ ብቻ ወካዩ ከግዴታው አያመልጥም። ጠበቃ የሚሸጠው ትጋቱንና ዕውቀቱን እንጂ ፍርዱን አይደለም። ጥፋቱ የጠበቃው ሲሆን፣ ለምሳሌ በቀጠሮው ቀን ሳይቀርብ ቀርቶ መዝገቡ ሲዘጋ ወይም የይግባኙ ጊዜ ሲያልፍ፣ ነገሩ ይገለበጣል፤ ግዴታውን ያልፈጸመ ተዋዋይ የሌላውን ግዴታ መጠየቅ እንደማይችል ቁጥር 1757 ይደነግጋልና። እዚህ ላይ በዋግ አንድ ተጨማሪ ጥያቄ ይመጣል፤ በክረምት ጅረቱ ሞልቶ ወይም መንገዱ ተዘግቶ ያልቀረበ ጠበቃ ጥፋተኛ ነው ወይስ አይደለም የሚለው በየጉዳዩ ሁኔታ የሚወሰን ቢሆንም፣ መንገዱ እንደሚዘጋ በየዓመቱ የሚያውቅ ሰው ያልታሰበ ነገር ገጠመኝ ማለቱ ብዙ አያስኬደውም።

የዋጋ አቆራረጡ ዓይነት ራሱ የክርክሩን ዓይነት ይወልዳል። በአገሪቱ የጥብቅና ልማድ በብዛት የሚታዩት ለጉዳዩ በጠቅላላው የሚቆረጥ ዋጋ፣ በየፍርድ ቤቱ ደረጃ የሚከፈል ዋጋ እና ከሚያስገኘው ገንዘብ በመቶኛ የሚታሰብ ዋጋ ናቸው። የጠቅላላ ዋጋ ጉድለት «ጉዳዩ» የሚለው ቃል ወሰን ማጣቱ ነው፤ በተለይም አፈጻጸም፣ ማለትም ፍርዱ ከተሰጠ በኋላ በፍርዱ መሠረት ንብረቱን ወይም ገንዘቡን የማስረከብ ሂደት፣ በዋናው ዋጋ ውስጥ ይኑር አይኑር ሳይነገር ይቀራል፤ ደንበኛው ግን የፍርድ ወረቀት ሳይሆን መሬቱን ወይም ገንዘቡን ነው የገዛሁት ብሎ ያስባል። በመቶኛ የሚታሰበው ዋጋ ደግሞ በከተማ ለሚደረግ የገንዘብ ክርክር ቢመችም ለዋግ ኽምራ ዋነኛ ሙግት፣ ለመሬት ይዞታ ክርክር፣ አይስማማም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 መሬት እንደማይሸጥና እንደማይለወጥ ስለሚደነግግ የገበሬው ይዞታ የገበያ ዋጋ የለውም፤ ዋጋ ከሌለው ነገር ላይ አሥር በመቶ ማስላት ደግሞ አይቻልም። ከዚህ የተነሣ አንዳንዱ ስምምነት ከመሬቱ ምርት ወይም ከኪራዩ ላይ ለጠበቃው ድርሻ ወደ መስጠት ሊያዘነብል ይችላል፤ ይህ ግን የገጠር መሬትን በሚገዙት የክልሉ አዋጆች፣ ማለትም በአዋጅ ቁጥር 133/1998ና እርሱን በተካው በአዋጅ ቁጥር 252/2009፣ ለመሬት ኪራይ ከተጣሉት ገደቦች ጋር የሚያጋጭ ከመሆኑም በላይ፣ ጠበቃውን የሚከራከርበት ነገር ባለድርሻ ያደርገዋል። ለመሬት ጉዳይ በየደረጃው የሚከፈል ቁርጥ ዋጋ ከሁሉ ያነሰ ጠብ የሚያመጣ መሆኑን መቀበል አስቸጋሪ አይደለም።

በመጀመሪያው ቀን የሚሰጠው ገንዘብ ስምም የማይናቅ ጉዳይ ነው። ሰው በልማድ ማናቸውንም ቅድሚያ ክፍያ «ቀብድ» ይለዋል፤ በሕጉ ግን ቀብድ የራሱ ውጤት አለው፤ በቁጥር 1885 መሠረት ሌላ ስምምነት ከሌለ ቀብድ የሰጠው ወገን ውሉን ቢያፈርስ የሰጠውን ያጣል፤ የተቀበለው ወገን ቢያፈርስ እጥፉን ይመልሳል። በደረሰኝ ላይ «ቀብድ» ተብሎ የተጻፈ ገንዘብ ጠበቃው ሥራውን ሳይጀምር ቢተወው እጥፍ ሊያስጠይቀው ሲችል፣ «የመጀመሪያ ክፍያ» ተብሎ የተጻፈው ግን ከዋጋው የሚቀነስ ብቻ ይሆናል። አንድ ቃል በአንድ ደረሰኝ ላይ ይህን ያህል ልዩነት ማምጣቱን ሁለቱም ወገኖች የሚያውቁት ዘግይተው ነው።

የውሉ አጻጻፍ በዋግ ኽምራ ከሌላው አካባቢ ይልቅ ጥንቃቄ ይሻል። በጠቅላላው የውል ሕግ በቁጥር 1719 መሠረት ውል በተለየ ፎርም እንዲደረግ ሕግ ካላዘዘ በቃልም ይጸናል፤ ማስረጃ የማቅረብ ሸክም ግን በቁጥር 2001 መሠረት ግዴታ እንዲፈጸምለት በሚጠይቀው ላይ ነው፤ ክፍያ የሚጠይቅ ጠበቃ ስምምነቱን ማስረዳት አለበት ማለት ነው። ከአማርኛ ይልቅ ኽምጣና አፉን የፈታ፣ ማንበብና መጻፍም የማይችል ደንበኛ ጠበቃው ባዘጋጀው የአማርኛ ውል ላይ ጣቱን አትሞ ሲሄድ፣ ጠበቃው እጁ ላይ ጠንካራ ሰነድ ያለው ይመስለዋል፤ ሆኖም ቁጥር 1728 የማያነብ ወይም የዐይነ ስውር ሰው የጣት አሻራ በሹም፣ በመዝጋቢ ወይም በዳኛ ፊት በሥራቸው አጋጣሚ ካልተረጋገጠ አያስገድደውም ይላል። ይህ ድንጋጌ በገጠር ወረዳዎች የሚደረጉ ብዙ ውሎችን ባዶ ወረቀት ሊያደርግ የሚችል ነው፤ የሚጎዳውም ሁልጊዜ ደንበኛው አይደለም፤ በቅን ልቦና የሠራ ጠበቃም ሊጎዳበት ይችላል። በሌላ በኩል በአንዱ ወገን አስቀድሞ በተዘጋጀ ቅጽ ላይ አሻሚ ቃል ቢገኝ ለሌላው ወገን በሚጠቅም መንገድ እንዲተረጎም ቁጥር 1738 ስለሚያዝ፣ «ጉዳዩን እስከ ፍጻሜው» የሚል ሐረግ በጠበቃው ቅጽ ላይ ከተገኘ ይግባኝንም እንደሚጨምር ቆጥሮ ደንበኛው መከራከር ይችላል። በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ወደ ዋግ ኽምራ በዘለቀ ጊዜ የተፈናቀሉ ሰዎች ቤታቸውንና ሰነዳቸውን ጥለው በመሄዳቸው፣ የጠፋ ሰነድ በምስክር ሊረጋገጥ የሚችልበት ቁጥር 2003 በአካባቢው ከመጽሐፍ ወጥቶ የዕለት ተግባር ሆኗል።

ሌላው ሊገለጥ የሚገባው ጉዳይ ወጪና ኪሣራ ከጠበቃው ዋጋ ጋር የሚጋጭበት ሁኔታ ነው። ወጪና ኪሣራ ማለት በ1958 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ከቁጥር 462 ጀምሮ በተደነገገው መሠረት ፍርድ ቤቱ ረቺው በሙግቱ ያወጣውን ገንዘብ ተረቺው እንዲተካለት የሚያዝበት ሲሆን፣ የጠበቃ ክፍያም በዝርዝሩ ይካተታል። አንዳንድ ደንበኛ ፍርድ ቤቱ ለጠበቃ ክፍያ ብሎ ያዘዘለትን ቁጥር ሲሰማ፣ ለጠበቃው መክፈል የሚገባው ይህንኑ ብቻ እንደ ሆነ ይቆጥራል፤ አንዳንዱ ጠበቃ ደግሞ ያ ገንዘብ በቀጥታ የእርሱ እንደ ሆነ ያስባል። ሁለቱም ተሳስተዋል። ያ ትእዛዝ በሁለቱ ተከራካሪዎች መካከል ያለውን ሒሳብ የሚቆርጥ እንጂ የደንበኛውንና የጠበቃውን ውል የሚነካ አይደለም፤ ገንዘቡ የደንበኛው ነው፤ ለጠበቃው የሚገባውም በውላቸው ያለው ነው።

ክርክሩ ከተነሣ በኋላ ያሉት መንገዶች አራት ያህል ቢሆኑም እኩል ክብደት የላቸውም። መጀመሪያ የሚመጣው ሒሳብ መጠየቅ ነው፤ ተወካይ ሒሳብ የማቅረብ ግዴታ ስላለበት ደንበኛው ምን እንደ ተሠራ፣ ስንት ቀጠሮ እንደ ተቀረበና ምን ወጪ እንደ ወጣ በጽሑፍ ቢጠይቅ የሚጠይቀው መብቱን እንጂ ስድብ አይደለም፤ የብዙው ጠብ መነሻ ክፍያው ሳይሆን ዝምታው ስለ ሆነ፣ ዝርዝሩ ብቻውን የሚያበርደው ጥቂት አይደለም። ቀጥሎ የሚመጣው ሽምግልና ነው። በዋግ የአገር ሽማግሌና የንስሐ አባት ያልደረሱበት የገንዘብ ጠብ ብርቅ ቢሆንም፣ ከጠበቃ ጋር የሚደረግ ሽምግልና ግን አንድ ስስ ጎን አለው፤ ሽማግሌዎቹ ዋጋውን የሚመዝኑት በሠራተኛ ቀን ዋጋ ወይም በጠበቃው ሀብት ልክ ሲሆን፣ በመዝገብ ውስጥ የተደረገውን ንባብና ጽሑፍ የሚያይ ዐይን የላቸውም። ይህን ጉድለት የሚያስተካክለው ከሽማግሌዎቹ መካከል አንድ የሕግ ባለሙያ ማስቀመጥ ነው። ተከራካሪዎቹ ውሳኔው በሕግ አስገዳጅ እንዲሆን ከፈለጉ በ2013 ዓ.ም. የወጣው የግልግል ዳኝነትና የዕርቅ አሠራር ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1237 የሚሰጣቸው በር አለ፤ የግልግል ስምምነቱ ግን በጽሑፍ መደረግ አለበት።

ሦስተኛው ለፈቃድ ሰጪው አካል የሚቀርብ የዲሲፕሊን አቤቱታ ሲሆን፣ እርሱም ጠበቃው የሙያውን ሥነ ምግባር ጥሶ እንደ ሆነ ይመረምራል። የዚህ መንገድ ዋና ዓላማ ጥፋተኛውን መቅጣትና ሙያውን መጠበቅ ስለሆነ፣ ገንዘቡን ለማስመለስ ብቻ የሚሄድበት ሰው ቅር ሊሰኝ ይችላል፤ የደንበኛን ገንዘብ ይዞ መቅረት፣ ከተቃራኒ ወገን ጋር መሻረክ ወይም ያልተሠራን ሥራ ማስከፈል ሲኖር ግን ተገቢው ቦታ ይኸው ነው። አራተኛው መደበኛው ፍርድ ቤት ነው። ቁጥር 2219ና ቁጥር 2220 ሥልጣኑን የሚሰጡት ለፍርድ ቤት በመሆኑ ዋጋን በሕግ ኃይል መቀነስ ወይም መወሰን የሚችለው እርሱ ነው፤ ከሳሹ ጠበቃው ቢሆን ዕዳውን፣ ደንበኛው ቢሆን ትርፍ ክፍያውን ያስረዳል። በዚህ ደረጃ ትንሽ የሚያስገርም ነገር ይታያል፤ በትንሽ ከተማ ውስጥ ጠበቃን ለመክሰስ ሌላ ጠበቃ የሚፈልግ ሰው የሙያ ባልደረባውን ለመክሰስ ፈቃደኛ የሆነ ሰው ለማግኘት ይቸገራል፤ በመሆኑም ማመልከቻውን ክስ ጻፊ ዘንድ አስጽፎ ብቻውን ይቀርባል፤ ጠበቃው ግን ሥራው ነው። በአካባቢው ያሉት የዩኒቨርሲቲዎች የሕግ ትምህርት ቤቶች የሚሰጡት ነጻ የሕግ ድጋፍ በተለይ እዚህ ክፍተት ላይ ቢያርፍ ከሌላው ይልቅ ፍሬ ይሰጥ ነበር።

በክርክሩ መካከል በብዛት የሚነሣው የሰነድ ጉዳይ ነው። ደንበኛው ውክልናውን በፈለገ ጊዜ የመሻር መብት አለው፤ ሲሽርም የውክልና ሰነዱ እንዲመለስለት ሊጠይቅ ይችላል። በአንጻሩ ሕጉ ተወካዩ የሚገባው እስኪከፈለው ድረስ ለሥራው የተረከበውን ነገር ይዞ የመቆየት መብት ይሰጠዋል። ይህ መብት በአንድ ገበሬ የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር ላይ ሲተገበር ግን ዓላማውን ይስታል። ደብተሩ የማይሸጥ፣ የማይለወጥና ለጠበቃው አንዳች ጥቅም የማይሰጥ ሆኖ ሳለ፣ ለባለቤቱ ደግሞ በቀጠሮው ቀን ችሎት ፊት የሚያቆመው ብቸኛ ማስረጃ ነው፤ ስለዚህ ተያዘ ማለት ዕዳው ተጠበቀ ማለት ሳይሆን ሌላ ጉዳይ ተጎዳ ማለት ነው። ጠበቃ ደብተሩን መልሶ ክፍያውን በክስ ቢጠይቅ የሙያው ክብርም ሆነ የሕጉ መንፈስ ይበልጥ ይጠበቃል።

ሌሎች አገሮች ይህን ጠብ የሚፈቱባቸው መንገዶች ለንጽጽር ይጠቅማሉ። በፈረንሳይ የክፍያ ቅሬታ መጀመሪያ የሚቀርበው ለአካባቢው የጠበቆች ማኅበር ሊቀ መንበር ነው፤ ከእርሱም ወደ ይግባኝ ፍርድ ቤቱ ፕሬዚዳንት ይሄዳል፤ ከ2015 እ.ኤ.አ. ሕግ ወዲህ ደግሞ የክፍያ ስምምነት በጽሑፍ መሆኑ ግዴታ ሆኗል። ጀርመን ዋጋውን በክርክሩ ገንዘብ ልክ በሕግ ሠንጠረዥ ስትቆርጥ፣ በአሜሪካ የካሊፎርኒያ ግዛት ደንበኛው ከፈለገ ጠበቃው በክፍያ ግልግል ፊት የመቅረብ ግዴታ አለበት። የፈረንሳዩ መንገድ ለኢትዮጵያ በተለይ ይቀርባል፤ የቁጥር 2219 ሐሳብ ከዚያው የመጣ ሆኖ ሳለ፣ ሐሳቡን በርካሽና በፍጥነት የሚያስፈጽመው ተቋም ግን አብሮት አልተሻገረም። በሰቆጣ ያለ ደንበኛ የተጋነነን ዋጋ ለማስቀነስ የሚያወጣው ወጪ ከሚቀነስለት ገንዘብ ሊበልጥ ይችላል፤ ይህ እስካለ ድረስ ድንጋጌው የሚሠራው ለትልልቅ የከተማ ክፍያዎች ነው።

ጠበቃውም ቢረታ ጉዳዩ እንዲሁ አያበቃም። በገበሬ ላይ የተፈረደን ዕዳ ለማስፈጸም ሲኬድ፣ መሬቱ በሐራጅ አይሸጥም፤ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉም በቁጥር 404 ባለዕዳው የሚሠራባቸውን መሣሪያዎች፣ ለገበሬም ለእርሻው የሚያስፈልጉትን ከብትና ዘር ከመያዝ ነጻ ያደርጋቸዋል። የቀረው የሚሸጥ ፍየል ወይም በግ፣ ጥቂት የማር ቀፎና ከመኸር የሚገኝ እህል ነው። በመሆኑም የፍርድ ወረቀቱን የያዘ ጠበቃና የተፈረደበት ደንበኛ አዝመራው ሲገባ በስንት ጊዜ እንደሚከፈል ለመነጋገር መልሰው በሽማግሌ ፊት ይቀመጣሉ፤ ከክሱ በፊት ያው ሽማግሌ «በሁለት አዝመራ ይጨርስ» ብሎ ሐሳብ አቅርቦ ሊሆን ይችላል።